በደሴና በኮምቦልቻ የባሕር አኳሪየም ለሚጀምር ሰው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ አልፎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው መንገድ ከጥንት ጀምሮ ጨው ወደ ደጋ የሚወጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ በቤቱ ትንሽ የባሕር አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣና ኮራል የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ አቁሞ ኮራል ለማሳደግ ያሰበ የወሎ ሰው፣ የጨው ነገር ሲነሣበት «እሱ ምን ያስቸግራል? ባቲ ሰኞ ገበያ ሞልቶ የለም ወይ?» ቢል አያስገርምም። የመጀመሪያው ስህተት የሚጀምረው ከዚሁ ንግግር ነው። የባሕር ጨው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በክብደት ሲታይ ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው፣ ከጠቅላላው 85 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የቀረውን 15 በመቶ ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና በጥቂቱ የሚገኙ ሌሎች ማዕድናት ይይዙታል። ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ጠንካራ አጽም ያለው የኮራል ዓይነት አጽሙን የሚገነባው ከውሃው ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 410 ሚሊግራም ካልሲየምና ወደ 1,300 ሚሊግራም የሚጠጋ ማግኒዚየም ሲኖር፣ በገበታ ጨው በተሠራ ውሃ ውስጥ የሚገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሞሌ ፈጭቶ መጠቀምም ይህን አያስተካክለውም።

የሚያስፈልገው ለኮራል ተብሎ የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው ነው። እንደ ምርቱ ዓይነት ለአንድ ሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም ስለሚወስድ፣ ለ60 ሊትር ገንዳ 2.2 ኪሎ ያህል ይበቃል። ጨው እንስሳ ባለበት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይበጠበጥም፤ በንጹሕ ባልዲ፣ ትንሽ ፓምፕ እያዞረው፣ ከአንድ ቀን በፊት ይዘጋጃል። መጠኑም በምላስ ወይም በግምት ሳይሆን ሪፍራክቶሜትር በሚባል የጨዋማነት መለኪያ መሣሪያ ይለካል፤ ከአንድ ሺህ 35 እጅ ማንበብ አለበት። መሣሪያው ራሱ ሊሳሳት ስለሚችል በየጊዜው 35 መሆኑ በተረጋገጠ ማስተካከያ ፈሳሽ መፈተሽ ይኖርበታል።

ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ወዳጅ ያለው ሰው ደግሞ «በጀሪካን እውነተኛውን የባሕር ውሃ ያምጣልኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣለታል። ወደብ አካባቢ የሚቀዳ ውሃ ዘይትና ነዳጅ የነካው ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ቢሆን እንኳ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት በታሸገ ጀሪካን፣ በአፋር ቆላ ሐሩር፣ ሞተው ውሃውን ያበላሹታል። ሹፌሩን ሌላ ነገር ማዘዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የተጻፉት በባሕር ጠለል ወይም ለዚያ በቀረበ ከፍታ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። በደሴ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ከመጀመሪያውም ከጨው አልባው ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ በአንድ ሊትር ወደ 6.7 ሚሊግራም ሊይዝ የሚችለው የባሕር ውሃ ደሴ ላይ ከ5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ይህ ማለት መመሪያው «ለዚህ ገንዳ አራት ዓሣ» ሲል የደሴ ሰው ሁለት ብሎ ማንበብ አለበት ማለት ነው። ፓምፑም የውሃውን ገጽ ዘወትር እንዲያናውጥ ወደ ላይ ዞሮ መተከል ይኖርበታል፤ ገጹ እንደ መስታወት የረጋ ገንዳ ለዓይን ያምራል እንጂ አይተነፍስም። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ሙቀቱን 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ማቆየት እንጂ ወደ 28 ማስጠጋት ለደጋ አይመከርም። ክፉው ሰዓት ንጋት ነው፤ ሌሊቱን ብርሃን ስለሌለ በኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች ኦክስጅን መሥራታቸውን ያቆማሉ፣ መተንፈሱን ግን ሁሉም ይቀጥላል።

ከዚህ ጋር የመብራት ነገር ይያያዛል። በእኔ ቤት አንድ የኅዳር ምሽት 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ይመለሳል ብዬ ተኛሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስነቃ መብራቱ አልተመለሰም፣ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ያነብባል፣ ሁለቱ ክላውንፊሾች ከውሃው ገጽ ሥር ተጠግተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ገንዳውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ እያፈሰስሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ዓሦቹ ተረፉ። ያን ዕለት የተረዳሁት ነገር፣ ጀማሪ ስለ መብራት መጥፋት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጨነቀው ለሙቀቱ ወይም ለመብራት አምፖሉ ሲሆን መጀመሪያ የሚያልቀው ግን አየሩ መሆኑን ነው። ኮራል አንድ ቀን በጨለማ ቢውል አይሞትም፤ ሙቀትም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ማሞቂያው 100 ዋት ሲበላ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግን ከ5 ዋት በታች ስለሚበቃው፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወይም አነስተኛ ባትሪና ኢንቨርተር ለአየሩ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ ሌሊቱን ያሻግራል። ጋቢውም ይጠቅማል፤ በጎንና በጎን ይጠቀለል እንጂ ከላይ አይከደን።

መብራት ሲጠፋ የሚከተል ሌላም ጥፋት አለ። የአየር ፓምፑ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ ፓምፑ በቆመ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይወርድና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ይፈስሳል። ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ መግጠም፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹንም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው እንዲታጠፉና ጠብታው ሶኬት ሳይደርስ መሬት እንዲወርድ ማድረግ ግዴታ ነው። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ከተራው ውሃ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ያስተላልፋል። መብራቱ ሲመለስ ለሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅም ስታብላይዘር ያስፈልጋል።

ስለ ውሃው ምንጭ የሚፈጸሙት ስህተቶች ሁለት ናቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቀናት ቆይቶ ሲለቀቅ ደፍርሶ ይመጣል። ይህን ያየ ሰው «የክረምት ዝናብ ከዚህ ይሻላል» ብሎ ከቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ ያጠራቅማል። የቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ነው፤ ዚንክም ኮራልንና ሽሪምፕን የሚመርዝ ብረት ነው። አስተማማኙ መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ችግሩ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማውጣት ሦስትና አራት ሊትር ማፍሰሱ ነው። ውሃ በሚቸግርበት ከተማ ያንን ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ስለሆነ፣ ማስወገጃ ቱቦውን ጀሪካን ውስጥ አድርጎ ለልብስና ለቤት ማጠቢያ ማዋል ይቻላል።

ድንጋዩን ከቦርከና ዳር ወይም ከሐይቅ ጠረፍ ለቅሞ ማምጣትም የተለመደ ፈተና ነው። የወሎ ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የባሕር አኳሪየም የሚፈልገው ግን ቀዳዳው የበዛ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ፣ ባክቴሪያ የሚሰፍርበት አለት ነው። ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግ ካልፈላ ካርቦኔት የለውም። ቢፈላም ከወንዙ ወይም ከከተማው ፍሳሽ ምን እንደጠጣ ስለማይታወቅ አለመጠቀሙ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ዓሣና ኮራል የሚፈጀው ጥድፊያ ነው። ገንዳው ተሞልቶ፣ ውሃው ጠርቶ፣ መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ሁሉም ነገር የተዘጋጀ ይመስላል፤ እንግዳም ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «ዓሣው የታለ?» ይላል። ዓሣው ገና መግባት የለበትም። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍ ዓሣን የሚመርዝ አሞኒያ ይወጣል፤ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አለቱና አሸዋው ላይ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ ማሞቂያው ከመጀመሪያው ቀን መሥራት አለበት፤ ለባክቴሪያዎቹም ምግብ እንዲሆን ጥቂት አሞኒያ ወይም ትንሽ የዓሣ መኖ ይጨመራል። የውሃ መመርመሪያው አሞኒያንም ናይትራይትንም ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ ባዶ ገንዳ ማየት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓሣ ይገባል፤ ሁለተኛው ከሳምንታት በኋላ።

ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚለው እምነትም ስህተት ነው። በ20 ሊትር ውስጥ የሞተ አንድ ቀንድ አውጣ ውሃውን በአንድ ሌሊት ሊያበላሸው ይችላል፤ በ100 ሊትር ውስጥ ያው ጥፋት ጊዜ ይሰጣል። 60 ሊትር እንደ መነሻ ይሆናል። የገንዳው ክብደት ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር 80 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

በበጋ የደጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው በፍጥነት ይተንናል። የሚተንነው ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው አይተንንም። ከ60 ሊትር 6 ሊትር ከተነነ 35 የነበረው ጨዋማነት 39 ይደርሳል። ብዙ ጀማሪ ይህን ጉድለት የጨው ውሃ በመጨመር ይሞላና ጨዋማነቱ ከሳምንት ሳምንት እየናረ ኮራሉ ሲኮማተር ምክንያቱ ይጠፋበታል። መስታወቱ ላይ በፕላስተር መስመር ማስመርና በየጠዋቱ እስከዚያ መስመር ድረስ የተጣራ፣ ጨው የሌለበት ውሃ መሙላት በቂ ነው። የጨው ውሃ የሚጨመረው በየሳምንቱ 10 በመቶው ውሃ ሲቀየር ብቻ ነው።

ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍልና አኳሪየም እንዴት ይስማማሉ የሚል ጥያቄ ከዘመዶቼ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። የአየር ፓምፕ ውሃው ውስጥ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው፤ ከሰል በተቀጣጠለበት ዝግ ክፍል የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መብዛት የውሃውን ፒኤች ያወርደዋል፣ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል። ሦስቱም ስኒ ይጠጣ፤ መስኮቱ ይከፈት፣ ወይም የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ወደ ደጅ ይውጣ። ምሕረት የሌለው የትንኝና የዝንብ መግደያ ስፕሬይ ነው፤ በውስጡ ያለው መርዝ ለዓሣና ለሽሪምፕ እጅግ አደገኛ በመሆኑ አኳሪየም ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይረጭም።

የእንስሳ ምርጫን በተመለከተ፣ በፊልም የታወቀው ሰማያዊው ታንግ የሚባል ዓሣ አድጎ 30 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። አክሮፖራ የመሰሉት ቅርንጫፋማ ጠንካራ ኮራሎችም ለሁለተኛው ዓመት ይቆዩ፤ ጀማሪ እንደ እንጉዳይ የተዘረጉትን ለስላሶቹን ቢይዝ ይሻለዋል። ዞአንቲድ የሚባሉት ባለቀለም ለስላሳ ኮራሎች ግን አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላላቸው ያለ ጓንት አይነኩም፤ እነሱ ያሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብሎ መቀቀል ደግሞ እንፋሎቱን የተነፈሰውን ቤተሰብ ሁሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ዓሣ ሲታመምም መዳብ ያለበት መድኃኒት ኮራሉ ባለበት ገንዳ ውስጥ አይጨመርም፤ የታመመው ለብቻው በሌላ ዕቃ ይታከማል።

የመጨረሻው የመኖ ነገር ነው። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ የሚሰጠው ሁሉ ወደ አሞኒያና ወደ አረንጓዴ አልጌ ይለወጣል። እኔ ለበዓል ወደ ገጠር ስወጣ መኖውን ለእያንዳንዱ ቀን በቁንጥር ለይቼ፣ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌበት ለጎረቤቴ ለእማማ እሰጣለሁ። ጣሳውን ግን ቆልፌበት ነው የምሄደው፤ እማማ እንግዳ ሳይጠግብ ተነሥቶ ሲሄድ ማየት አይሆንላቸውም።