ላሚኔት ሊሾ አይደለም

ደብረ ብርሃን የላሚኔት ወለል አነጥፋለሁ። ስልኬ አብዝቶ የሚጮኸው በበዓል ማግስት ነው።

"ልጄ፣ ያነጠፍክልኝ ወለል አበጠ!"

"እማማ፣ ውሃ አፈሰሱበት እንዴ?"

"ኧረ ትንሽ ነው!"

ሄጄ ሳየው ያ "ትንሽ" ኦሞ የተበጠበጠበት አንድ ባልዲ ነው። በመጥረጊያ እየተገፋ ጓዳ ድረስ ሄዷል። እባካችሁ፣ ይሄ ሊሾ አይደለም! ከላይ የምታዩት እንጨት የወረቀት ፎቶ ነው፤ በላዩ ስስ መከላከያ አለው። ሆዱ ግን ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ እንጨት ነው። ውሃ በመጋጠሚያው ከገባ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ጠርዙ እንደ ኮረፈ ልጅ ከንፈር ቀና ይላል። ከዚያ ወዲያ ቁራጩን ከመቀየር በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ጨርቁን ጨምቁት። አሁንም ጨምቁት። ጠብ የሚል ካለ ገና ነው።

ቄጠማ አትጎዝጉዙ ብል ማን ይሰማኛል? ውሃ የተርከፈከፈበትን ግን አራግፉት፤ ማታም አንሱት።

የኛ ብርድ ደግሞ ይታወቃል፤ ማንደጃ ሳሎን ይገባል። ፍም ያቃጠለው ላሚኔት በምንም አይለቅም። ከማንደጃው ሥር ሰፊ የሴራሚክ ቁራጭ አድርጉ። መስኮትም ክፈቱ፣ ለራሳችሁ ስትሉ።

ሰም የፓርኬ ነው። ላሚኔት አይጠጣውም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል፣ ሰው ያንሸራትታል። ተጫረ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅም አይሞከርም፤ የምትፍቁት ፎቶውን ነው።

ሶፋ አትጎትቱ።

አሁን ወደ ጀማሪ አንጣፊዎች። ካርቶኑን ከመኪና አውርዳችሁ በዚያው ቀን አታንጥፉ፤ 48 ሰዓት እዚያው ቤት ውስጥ ይቆይ። በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ጠርዝ፣ ይሸፍነዋል። ይሄን የማውቀው አበላሽቼ ነው። ሸዋ ሮቢት አንድ ሳሎን ግድግዳ ለግድግዳ ጥርቅም አድርጌ ሠራሁ። ተመረቅሁ፣ ተከፈለኝ፣ ተመለስኩ። ክረምቱ ሲገባ ተደወለ። ወለሉ መሃል ላይ የግመል ሻኛ አውጥቷል! አንዱን ጎን ስረግጠው ሌላው ይነሳል። ዞኮሎውን ነቅዬ ዙሪያውን ቆረጥኩለት። ቀስ እያለ ተኛ። ባለቤቱ እጁን አጣምሮ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ "ይቺን ያህል ነበር የከለከልከው?" አለኝ።