ጫጩቱ ቅርፊት ውስጥ ለምን ቀረ? የመፈልፈያ ማሽን እርጥበት ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ በትንሽ ማሽን እንቁላል የሚያስፈለፍል ሰው ምሬቱ ተመሳሳይ ነው። 21 ቀን ይጠብቃል፤ ግማሹ ይፈለፈላል፣ ግማሹ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። ወዲያው "እርጥበት አንሶት ነው" ይባልና በሚቀጥለው ዙር ውሃ ይጨመራል። ጣጣው ግን ጫጩት እርጥበት ሲያንስም ሲበዛም ቅርፊት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ያልተፈለፈሉትን ሰብራችሁ እዩ። ደስ አይልም፣ ይሸታልም። ግን ምክንያቱ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጫጩቱ ሙሉ ሆኖ አድጓል፤ ግን አብጦና ረጥቦ ሞቷል

ስትሰብሩት ፈሳሽ ይወጣል። በእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ ትንሽ ነው። ይሄ እርጥበት የመብዛት ምልክት ነው።

እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ ከ11 እስከ 14 በመቶ የሚሆነውን መቀነስ አለበት። የሚቀንሰው በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚተን ውሃ ነው። በቦታው አየር ይገባል፤ ጫጩቱ መጀመሪያ የሚተነፍሰው ያንን አየር ነው። ውሃው ካልወጣ አየሩ አይበቃውም፣ ለመዞርና ቅርፊቱን ለመንቆርም ቦታ ያጣል።

መፍትሄው የኩሽና ሚዛን ነው። እንቁላሎቹን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ላይ መዝኑ። 10 እንቁላል 600 ግራም ቢመዝን፣ በ7ኛው ቀን ወደ 570፣ በ18ኛው ቀን ደግሞ ወደ 520 መውረድ አለበት። በ7ኛው ቀን ገና 590 ከሆነ ውሃውን አውጡና ለተወሰኑ ቀናት ማሽኑን ያለ ውሃ አሠሩት። 555 ደርሶ ከሆነ ደግሞ ውሃ ጨምሩ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል ግራሙ ይለያያል፤ መቶኛው ግን ያው ነው። ሚዛን ከሌላችሁ በጨለማ ክፍል የስልክ መብራት ከወፍራሙ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ የአየር ኪሱን በእርሳስ አስምሩ። በየሳምንቱ እየሰፋ መሄድ አለበት። እኔ ማሽኑ ላይ ከሚበራው ቁጥር ይልቅ ሚዛኑን አምናለሁ።

ቅርፊቱን ነቁሯል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ንቅንቅ የለም

መጀመሪያ ታገሱ። አንድ ጫጩት ከነቆረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቢያርፍ ጤነኛ ነው። ከዚያ ካለፈና በቀዳዳው የሚታየው ስስ ሽፋን ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን ሽፋኑ ጫጩቱ ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። እርጥበት በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ወርዷል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ክዳኑን የሚከፍት እጅ ነው። አንዱ ሲወጣ እሱን ለማንሳት ይከፈታል፣ ልጆች ይዩ ተብሎ ይከፈታል፣ ጎረቤት ሲመጣም ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር እርጥቡ አየር በአንድ ጊዜ ውልቅ ይላል፤ የነቆሩትም እዚያው ይደርቃሉ። የተፈለፈሉት አያሳስቧችሁ። አስኳሉን ሆዳቸው ውስጥ አስገብተው ስለሚወጡ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ምግብና ውሃ ይቆያሉ።

በ18ኛው ቀን እንቁላል ማገላበጡን አቁሙ፤ እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 በመቶ አድርሱና ክዳኑን እርሱት። የተጣበቀውን ለማዳን ከፈለጋችሁ ሽፋኑን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ አርጥቡት፤ አፍንጫውን ግን አትንኩ። ከዚያ ቅርፊቱን በጥቂት በጥቂቱ አንሱ። ደም ካያችሁ አቁሙ፤ ገና አልደረሰም።

መለኪያው ደህና ቁጥር ያሳያል፣ እንቁላሉ ግን ሌላ ይናገራል

ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይዋሻል። በጨው ፈትኑት። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉና ሳይሟሟ ጭቃ እስኪመስል ድረስ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ወይም ዕቃ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት። 67 ካለ፣ ከዚያ በኋላ በምታነቡት ላይ 8 ደምሩ።

ውሃ እየጨመርኩ እርጥበቱ አይወጣም

ውሃውን ጥልቅ ማድረግ ምንም አይጠቅምም። የሚተነው ከላይኛው ገጽ ብቻ ስለሆነ ሰፊ ሳህን አስገቡ፤ ወይም ንጹህ ስፖንጅ ውሃው ውስጥ አቁሙት። የምትጨምሩትም ለብ ያለ ውሃ ይሁን።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላይ ይሄ ችግር ይብሳል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲደርስ በጣም ደረቅ ይሆናል፤ በተለይ በበጋ ሌሊት። ክረምት ላይ "ውጪው ዝናብ ነው" ብሎ ውሃ መተውም አያዋጣም። በዚያ ላይ ደጋ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ እንቁላል ውሃውን ፈጥኖ ያጣል። ለመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ደጋ ላይ ያላችሁ ወደ 55 ተጠጉ፤ ከዚያ ሚዛኑ ያስተካክላችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ እርጥበት ለመያዝ ብላችሁ የአየር ቀዳዳዎቹን አትድፈኑ። ደጋ ላይ ኦክስጅኑ ራሱ ስስ ነው። ጫጩቱ ደግሞ አየር አብዝቶ የሚፈልገው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው።

መስታወቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል

በ20ኛውና በ21ኛው ቀን ከሆነ ተዉት፤ እርጥብ ጫጩቶች ሲወጡ ያለ ነው። በ10ኛው ቀን ከሆነ ወይ ውሃ በዝቷል፣ ወይ ክፍሉ በጣም ቀዝቅዟል። ማሽኑን ከመስኮትና ከበር አርቁት።

እርጥበትን ያለ ጥፋቱ የምንከስበት

በ19ኛው ቀን ከተፈለፈሉ ሙቀቱ በዝቷል። 23ኛው ቀን ከደረሱ አንሷል። በ7ኛው ቀን በብርሃን ሲታይ ውስጡ ጥርት ያለ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ያላገኘ ነው፤ ከሱቅ የገዛችሁት የእርባታ እንቁላል ከሆነ ብዙም አይግረማችሁ። መብራት ሲጠፋም ስለ እርጥበት አትጨነቁ። ክዳኑን ሳትከፍቱ፣ የአየር ቀዳዳውንም ሳትሸፍኑ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት።