ኪዮቶን በሁለት ቀን፦ ዕቅድ የሚያበላሹ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሁለት ቀን የኪዮቶ ዕቅዳቸውን አሳይተውኝ "ምን ጎደለው?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ ምንም አልጎደለውም። በዝቶበት ነው። ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጃፓን መዲና ነበረች። በ1994 ዩኔስኮ የመዘገባቸው ቅርሶች፣ የጎረቤቶቿን የኡጂንና የኦትሱን ጨምሮ፣ 17 ናቸው። ሁሉንም በሁለት ቀን ልይ ያለ ሰው ቀኑን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ከዚህ በታች ችግሩ የሚታይበትን ምልክት አስቀድሜ፣ ምክንያቱንና መፍትሄውን አስከትያለሁ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ያልኩት በጃፓን ሰሌዳ ላይ 6፡00 ተብሎ ይጻፋል። ዓመቶቹ ግን የፈረንጆቹ ናቸው።

"ቀኑ አለቀ፣ ያየነው ሁለት ቦታ ብቻ ነው"

ጠዋት 3 ሰዓት ከሆቴል ትወጣላችሁ። ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ድረስ ሄዳችሁ፣ በወርቅ የተለበጠውን ኪንካኩጂን አይታችሁ ስትመለሱ ቀትር ሆኗል። ምሳ ትበላላችሁ፤ ትንሽ አረፍ ትላላችሁ። ከሌላ ቦታ ዞር ዞር ብላችሁ ኒጆ ግንብ ስትደርሱ ጠባቂው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ያሳያችኋል። አይቻልም ማለቱ ነው። መግቢያው 10 ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

አንዱ ምክንያት የከተማዋ አቀማመጥ ነው። ኪዮቶ በሦስት በኩል ተራራ የከበባት ሜዳ ናት። መዲናው ወደዚህ ከመዛወሩ በፊት፣ በቀድሞዋ መዲና በናራ የነበሩት የቡድሃ ገዳማት ጉልበታቸው በርትቶ ቤተ መንግሥቱን አስቸግረው ነበር። ስለዚህ በአዲሲቱ ከተማ ውስጥ እንዲሠሩ የተፈቀደው ሁለት ቤተ መቅደሶች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ቶጂ ነው፤ ዛሬም ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ይገኛል። ሌሎቹ በየተራራው ግርጌ ተሠሩ። ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያንከራትተን ያ ከ1,200 ዓመት በፊት የተወሰነ ነገር ነው።

ሌላው ምክንያት ሰዓት ነው። አብዛኞቹ ቦታዎች ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ተከፍተው 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ጎብኚው ደግሞ ሁሉንም በነዚያው ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሊጨርስ ይሞክራል።

መፍትሄው ቦታዎቹን በዝናቸው ሳይሆን በበራቸው መደርደር ነው። ማልዶ የሚከፈተው መጀመሪያ፣ ጨርሶ የማይዘጋው መጨረሻ፣ የቀረው መሃል። በአንድ ቀን ደግሞ የከተማዋን አንድ ጎን ብቻ ያዙ።

የመጀመሪያውን ቀን ለምሥራቁ ስጡት። ኪዮሚዙ ደራ የተባለው ቤተ መቅደስ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። አሁን ያለው ዋና ሕንፃ በ1633 የተሠራ ነው። ገደል ላይ የወጣው የእንጨት ሰገነቱ 13 ሜትር ከፍታ አለው። ጃፓኖች አንድ ሰው ደፍሮ ትልቅ ውሳኔ ሲወስን "ከኪዮሚዙ ሰገነት ዘለለ" ይላሉ። በዚያ ሰዓት ከሄዳችሁ የሰገነቱን ጠርዝ ለመያዝ ወረፋ አትጠብቁም። ከዚያ በሳኔንዛካና በኒኔንዛካ የድንጋይ ደረጃዎች፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ በእግር ጊዮን ወደተባለው አሮጌ ሰፈር ውረዱ። ከሰዓት በኋላ ከጊዮን ሺጆ ጣቢያ በኬይሃን ባቡር ወደ ፉሺሚ ኢናሪ ሂዱ። ጥቂት ደቂቃ ነው።

ፉሺሚ ኢናሪ ተራራ ላይ ያለ የሺንቶ እምነት መቅደስ ነው፤ መግቢያ አያስከፍልም፣ ሌሊትም አይዘጋም። ስለዚህ ሲመሽ መሄድ ያዋጣል። በሺህ የሚቆጠሩ ቀይ የእንጨት በሮች ተጠጋግተው ቆመው ተራራውን ይወጣሉ። ስትወጡ የምታዩት ቀዩን ቀለም ብቻ ነው። ስትወርዱ ግን በየምሰሶው ጀርባ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ጽሑፍ ይታያችኋል። በሩን ያሠራው ሰው ወይም ድርጅት ስምና የተሰጠበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ባሉት በሮች ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። 20 ደቂቃ ብቻ ወደ ላይ ግፉ፤ ሰዉ ይሳሳል። ተራራው 233 ሜትር ነው፤ ሙሉውን መዞር እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ሁለተኛው ቀን የምዕራቡ ነው። ማለዳ ከኪዮቶ ጣቢያ ወደ ሳጋ አራሺያማ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የቀርከሃው ጫካ በር የለውም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። አጠገቡ ያለው የቴንሪዩጂ ቤተ መቅደስ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ቀጥሎ ራንደን የምትባለውን ትንሽ የከተማ ባቡር ይዛችሁ፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቀይራችሁ፣ ሪዮአንጂ ቤተ መቅደስ ውረዱ። እዚያ ያለው የድንጋይ አትክልት ስፍራ 15 ድንጋዮች አሉት። ከበረንዳው የትም ብትቀመጡ አንዱ ይሰወርባችኋል። ሳትቸኩሉ ተቀመጡበት። ከዚያ ወደ ኪንካኩጂ 20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ወርቁ ያለው በላይኛዎቹ ሁለት ፎቆች ላይ ነው። ጥንታዊውን ሕንፃ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት፣ የአሁኑ በ1955 እንደገና ተሠራ።

ኒጆ ግንብ በዚህ ዕቅድ ውስጥ የለም። ሦስተኛ ግማሽ ቀን ካገኛችሁ ጨምሩት። ካላገኛችሁ ተዉት።

"አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሎን ይሄዳል"

ኪዮቶ ያላት የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሁለት ብቻ ነው። ካራሱማ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ቶዛይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ዝነኞቹ ቦታዎች ከሁለቱም ራቅ ይላሉ። ስለዚህ ጎብኚውም፣ ተማሪውም፣ ከገበያ የሚመለሱት እናቶችም በአንድ አውቶቡስ ይጋፋሉ። ከተማው ጭንቅንቁን ለመቀነስ የአንድ ቀን የአውቶቡስ ካርድ መሸጡን በ2023 አቁሟል። ያንን ካርድ ግዙ የሚል ምክር ካያችሁ ጊዜው አልፎበታል።

ከላይ ያለው ዕቅድ ያለ አውቶቡስ የሚሄድ ነው፤ ሆን ብዬ ነው። ኪንካኩጂ ብቻውን የሚሄድ ሰው በካራሱማ መስመር እስከ ኪታኦጂ በባቡር፣ የቀረችውን በአውቶቡስ ይሂድ።

የግድ ከሆነ ግን አሳፈሩ እንዲህ ነው። በኋላ በር ትገባላችሁ። ስትወርዱ በሹፌሩ በኩል 230 የን ትከፍላላችሁ። ሳጥኑ መልስ አይሰጥም። እኔ መጀመሪያ ቀን የ1,000 የን ኖት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የሰው መዓት። አንዲት አሮጊት በጣታቸው ሳጥኑ ላይ ያለችውን ሌላ ቀዳዳ አሳዩኝ። ኖቱ እዚያ ገብቶ ሳንቲም ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ልኩን ቆጥሮ መክፈል ነው። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ሲቆም ሳይሆን ቀደም ብላችሁ መንዝሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኢኮካ የተባለውን ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ከባቡር ጣቢያ ገዝቶ ማስነካት ነው። ለባቡሩም ይሠራል።

"ሆቴሉ እሳት ሆነ"

ዋጋው የሚሰቀለው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው የቼሪ አበባ ሲፈነዳ፣ በእኛ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ። ሁለተኛው ቅጠሉ ሲቀላ፣ በኅዳር። በእነዚህ ጊዜያት ከሄዳችሁ ከወራት በፊት ያዙ። ኪዮቶ ውስጥ ካጣችሁ ኦትሱ ላይ ፈልጉ፤ በባቡር 10 ደቂቃ ነው። ኦሳካም በተራው ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑን መቀየር ለሚችል የጥር ብርድ ርካሽና ጸጥ ያለ ነው። ሰኔ ግን እንደኛው አገር ዝናብ ነው።

ከማርች 2026 ጀምሮ የአዳር ግብሩ ጨምሯል። እንደ ክፍሉ ዋጋ በአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ200 እስከ 10,000 የን ይደርሳል። ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

"ጾም ላይ ነኝ፣ የሚበላ አጣሁ"

ይህ ለኛ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። የቼሪው አበባ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። የቀይ ቅጠሉ ወቅት ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ከገና ጾም ጋር ይገናኛል። ሥጋ የሌለበት ሳህን መጥቶላችሁ ደስ ብሏችሁ ስትቀምሱት የዓሣ ጣዕም ያለው ይሆናል።

ምክንያቱ ዳሺ ነው። ዳሺ የጃፓን ወጥ ሁሉ መሠረት የሆነ መረቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ ነው። ጎመኑም፣ ኑድሉም፣ ሾርባውም ውስጥ ይገባል። አስተናጋጁ "ሥጋ የለውም" ሲላችሁ አልዋሸም። መረቁ ትዝ አላለውም።

ደግነቱ ኪዮቶ የጾም ምግብ የምታውቅ ከተማ ናት። የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ሪዮሪ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል አይገባበትም። በአንዳንድ ቤተ መቅደሶችና በዙሪያቸው ይቀርባል፤ አስቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃል። በናንዘንጂ አካባቢ ደግሞ ዩዶፉ አለ። ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሰል ነጭ ቶፉ ኮንቡ በተባለ የባሕር ተክል ውኃ ውስጥ እየፈላ በሸክላ ይመጣል። ቶፉው ይጾማል፤ ማጥቀሻው ግን ዓሣ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቁ። "ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ከዓሣ የተሠራ ዳሺም አልበላም" የሚለውን በጃፓንኛ አስተርጉማችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙና ከማዘዛችሁ በፊት አሳዩ። ያትሱሃሺ የተባለውን የከተማዋን ጣፋጭም አትለፉት። ከሩዝ ዱቄት፣ ከስኳርና ከቀረፋ ነው የሚሠራው፤ ጠረኑ የእናቴን የቀረፋ ሻይ ያስታውሰኛል።

ሙስሊም ወገኖች ከሥጋው ሌላ ሚሪን የሚባለውን የሩዝ ወይን ይጠይቁ። ብዙ ስጎ ውስጥ ይገባል።

"ገና ሳንደርስ ገንዘባችን አለቀ"

ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ለሰባት ቀን የሚሠራው የጃፓን ባቡር ፓስ 50,000 የን ሆኗል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ግን 28,000 ገደማ ነው። ለአጭር ጉዞ ፓሱ አያዋጣም፤ ነጠላ ቲኬት ቁረጡ። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያርፈው ቶኪዮ አጠገብ ናሪታ ላይ ነው። ወደ ቶኪዮ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሺንካንሰን በተባለው እጅግ ፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ይጨምራል። ያንን ቀን ከኪዮቶ ቀናት ላይ አትቁጠሩት። ከዱባይ ግን ለኪዮቶ ቅርብ ወደሆነው ካንሳይ ቀጥታ በረራ አለ።

ቪዛን በተመለከተ ጃፓን የምታየው ፓስፖርቱን ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። ግሪን ካርድ ኖሮት በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። አውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

"ጊዮን ውስጥ ሰው ተቆጣን"

ጠባብ መንገዶቹ ውስጥ የግል የሆኑ አሉ። የሰፈሩ ሰዎች በፎቶ አንሺ ተማርረው በ2024 ለጎብኚ ዘግተዋቸዋል፤ የገባ 10,000 የን ቅጣት የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሃናሚኮጂ የተባለው ዋናው ጎዳና ግን ክፍት ነው። አመሻሹ ላይ ማይኮዎቹ፣ ጌሻ ለመሆን፣ ማለትም በባህላዊ ዘፈንና ውዝዋዜ እንግዳ ለማስተናገድ፣ ገና በሥልጠና ላይ ያሉት ወጣት ልጆች፣ በዚያ በኩል ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ፊት ለፊት አትቁሙባቸው፣ ልብሳቸውን አትንኩ፣ ስልካችሁን ዝቅ አድርጉ። የእንጨት ጫማቸው ድምፅ ሲቀርብ ወደ ጥግ ጠጋ ብላችሁ አሳልፏቸው።