ቀን የማይታይ፣ ማታ ከቀለሙ ውስጥ የሚወጣ ጽሑፍ ባጃጅ ላይ እንዴት ይሰራል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንጨርስ፣ ላሜራ ብርሃን አያሳልፍም። ቀለሙን የፈለገ ብታቀጥኑት ከኋላው አምፖል ማብራት ዋጋ የለውም። ከቀለም ውስጥ የሚበራ ነገር የፈለገ ሰው ቦታውን በፕላስቲክ መተካት ወይ ደግሞ ላሜራው ላይ ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ስስ ሳጥን መደረብ አለበት። የመኪና ፋብሪካዎቹም እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ቀለም ቀብተው ጽሑፉ ያለበት ቦታ ላይ ያለውን ቀለም በሌዘር ያነሱታል። ባህር ዳር ላይ ደግሞ ማስታወቂያ የሚሰሩ ልጆች ጋ ሂዱና 3 ሚሊ የአክሪሊክ ቁራጭ (መስታወት የሚመስለው ፕላስቲክ) ጠይቁ፣ ሙሉ ሉህ መግዛት አያስፈልግም። ፖሊካርቦኔት ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ በድንጋይ ቢመታ እንደ አክሪሊክ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ቀን ላይ ለምን አይታይም ለምትሉ፣ ሚስጥሩ ፊት ላይ ያለው ስስ ጥቁር ቀለም ነው። ቀለሙ 20 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል እንበል፣ ውስጥ ያለው ኤልኢዲ አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ 20 በመቶው ይወጣል። የፀሐይ ብርሃን ግን ገብቶ ነጥሮ እንደገና መውጣት አለበት፣ ሁለት ጊዜ ስለሚቀነስ ዓይናችን ጋ የሚደርሰው ቢበዛ 4 በመቶ ነው። በቃ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው ጥቁርና ጠቆር ያለ ፓኔል ከሁሉም የሚያምረው፣ ለጀማሪም የምመክረው እሱን ነው።

አሁን ስራው። ፕላስቲኩን በሳሙናና በውሃ ብቻ እጠቡ፣ በቲነር እንዳትጠርጉት፣ ቲነር አክሪሊክንም ፖሊካርቦኔትንም በጥቃቅን ስንጥቅ ይጨርሰዋል። ከዛ ሁለቱንም ፊት በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ቀስ አድርጋችሁ አደብዝዙት፣ ቀለሙ የሚይዘው እዛ ላይ ነው። ስቱኮም ግራጫ ፕራይመርም የለም፣ ብርሃኑን ይዘጋሉ።

ጽሑፉ የሚለጠፈው በጀርባ በኩል ነው፣ ስለዚህ ስቲከሩን ስታስቆርጡ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ ይቆረጥ በሏቸው። "ዓባይ" የሚል ብታስቆርጡ ዓ መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፣ የቀዳዳው ቁራጭ ወጥቶ ፊደሉ ብቻ መለጠፍ አለበት፣ ካለበለዚያ ማታ ሲበራ ዓ ሳይሆን ድፍን ክብ ነው የምታዩት። ስቲከሩ ከተለጠፈ በኋላ ጫፍ ጫፉን በጥፍራችሁ ጫን ጫን አድርጉ፣ ትንሽ ክፍተት ካለ ቀለም ይገባና ፊደሉ ይበላሻል። ከዛ ጀርባውን ጥቁር ቀለም በስሱ ደጋግማችሁ ርጩ፣ በአንዴ ካጠገባችሁት ፕላስቲኩን ይበላዋል። ሲደርቅ ጥቁሩ ላይ ነጭ ደርቡበት፣ ነጩ ሳጥኑ ውስጥ ብርሃኑን እያነጠረ ይመልሰዋል። ነጩ ድርቅ ሳይል ስቲከሩን በዝግታ አንሱት።

ፊቱን ነው ተጠንቅቃችሁ የምትቀቡት። የመብራት ጭስ ስፕሬይ የሚሉት ብርሃን አሳላፊ ጥቁር አለ፣ እሱን አንድ አንድ ሽፋን እየረጫችሁ በየመሀሉ ከጀርባ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ እዩ። ጽሑፉ ቀን ላይ ከጠፋና በባትሪው ጎልቶ ከታየ አቁሙ። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፣ እኔ ይሄን ግዴታ ነው የምለው። ባለ ብልጭልጭ ሜታሊክ ቀለም ግን አትጠቀሙ፣ ውስጡ ያለው የአልሙኒየም ቅንጣት ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል። ሰማያዊ አሳላፊ ቀለም ከቀባችሁ ከኋላው ቀይ ኤልኢዲ አታድርጉ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀዩን ስለሚውጠው የሞተ መብራት ነው የሚመስለው። መጨረሻ ላይ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ መከላከያ ሽፋን ይረጫል፣ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ክሊር ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ለቀለም ስራ የተሰራ ባለ ፊልተር ማስክ የሌለው ሰው ለቀለም ቀቢ ይስጠው።

ኤልኢዲው እንደ ጥብጣብ የሚለጠፈው 12 ቮልት ስትሪፕ ነው፣ በሜትር 60 አምፖል ያለውን ውሰዱ። በአምፖሎቹ መሀል ያለው ርቀት 17 ሚሊ አካባቢ ስለሆነ ሳጥኑም ቢያንስ 20 ሚሊ ይጥለቅ፣ ካልሆነ ፊደሉ ውስጥ ነጥብ ነጥብ ይታያል። ብርሃኑን የሚበትን የወተት ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ ከጽሑፉ ኋላ ካስገባችሁ ደግሞ የበለጠ ያምራል። ስትሪፑ የሚቆረጠው ምልክቱ ላይ ብቻ ነው፣ በየሦስት አምፖሉ።

ኤሌትሪኩ ቀላል ነው ግን ፊውዝ አይቀርም፣ 2 አምፒር ፊውዝ መስመሩ ከሚነሳበት አጠገብ። ደማቁ ስትሪፕ በሜትር 14.4 ዋት ስለሚበላ 1.2 አምፒር ይጎትታል፣ ማታ ረስታችሁት 10 ሰዓት ቢያድር ከባትሪው 12 አምፒር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፣ ጠዋት ላይነሳላችሁ ይችላል። ስለዚህ መስመሩን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌትሪክ ከሚያገኘው ሽቦ ላይ ውሰዱ፣ ከፍሬን መብራት ላይ በፍጹም። መገናኛውን በስታኞ በይዳችሁ በናስትሮ ሸፍኑት፣ ጠምዝዞ መተው ክረምት ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ፓኔሉ ሲታሰር የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ 2 ሚሊ ሰፋ ይበል፣ አክሪሊክ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ጥብቅ ከተደረገ ይሰነጠቃል። ዙሪያውን ሲሊከን፣ ከታች ደግሞ ትንሽ የውሃ ማውጫ ቀዳዳ፣ ቀዳዳዋ ላይ ስስ የወንፊት ጨርቅ አድርጉ፣ ሐይቁ ዳር ምሽት ላይ የሚሰበሰበውን ትንኝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ከገባ ፊደሉ ስር ሞቶ ይቀራል። ብጫ መብራት ከነጭና ከሰማያዊ ያነሰ ነፍሳት ይስባል፣ ለጣና ዳር ሰው የኔ ምርጫ ብጫ ነው።

ቦታው ጎን ላይ ይሁን፣ ከፍሬቻ ራቅ ብሎ። ወደፊት ቀይ፣ ወደኋላ ነጭ የሚያሳይ ጌጥ አታድርጉ፣ ማታ የሚያየው ሰው ባጃጁ ወደሱ እየመጣ ይሁን ከሱ እየራቀ መለየት አለበት። ብልጭ ድርግም የሚልም አይሁን፣ ባለጌጥ ባጃጅ ሲታጠፍ ፍሬቻው ከጌጡ ጋር ተቀላቅሎ እግረኛ ይሳሳታል። ላቫጆ ስትገቡም ለሚያጥበው ልጅ ንገሩት፣ የውሃውን ግፊት የሲሊከኑ ጠርዝ ላይ አያስጠጋው፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ በጨርቅና በሳሙና ብቻ ይታጠብ፣ ቀለሙ ገና አልጠነከረም።