«ድሬ ላይ ምን በረዶ አለና?»፦ የፒክአፕ ኩላንት ሲገዛና ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የያዘ ፒክአፕ ማየት ብርቅ አይደለም። ረዳቱ ሃይላንድ ይዞ ከፊት ቆሟል፣ ሹፌሩ ጨርቅ ፍለጋ ወንበር ስር ገብቷል፣ ራዲያተሩ እንፋሎት ይተፋል። ሁሉም ዳገቱን ይረግማል። ነገሩ የተበላሸው ግን ከወራት በፊት እታች ድሬ ላይ፣ ራዲያተሩ በጀሪካን ሲሞላ ነው።

የቧንቧ ውሃ መሙላት

«ድሬ ላይ ምን በረዶ አለና አንቲፍሪዝ እገዛለሁ?» ሰውን ያሳሳተው ስሙ ነው። ከበረዶ መከላከል የኩላንት (አንቲፍሪዝ የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ) አንዱ ሥራ ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ሌሎቹን ሁለቱን ነው፤ ቶሎ እንዳይፈላና ብረቱን እንዳይበላ።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ በ96 አካባቢ ይፈላል፤ ከ1,850 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ደግሞ በ94 አካባቢ። ጤነኛ ሞተር ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ውስጥ ይሠራል። እንግዲህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ (ወደ እሱ እንመለሳለን)፣ ጭነት ይዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በግንቦት ፀሐይ ዳገት ሲወጣ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው አስሉት።

ከመፍላቱ የሚብሰው ድንጋዩ ነው። የድሬ ውሃ ምን እንደያዘ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ክዳን አንስታችሁ ውስጡን እዩት። ያ የተጋገረው ነጭ ነገር ሞተራችሁ ውስጥም ይጋገራል። ሐረር ያላችሁም አትዝናኑ፤ ከተማችሁ የሚደርሰው ውሃ ከፊሉ ከድሬ ቆላ ጉድጓድ ተገፍቶ የሚመጣ ነው። ካልሲየሙ የሚለጠፈው በጣም በሚግለው ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ራስ) ውስጥ፣ ቫልቮቹና ኢንጀክተሮቹ መካከል። አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ንጣፍ ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው እንዳያስረክብ ይከለክለዋል። ጌጁ ደግሞ የሚለካው የውሃውን ሙቀት እንጂ የብረቱን አይደለም፤ ቴስታታው ውስጥ ውስጡን እየነደደ ጌጁ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ይበላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ባለቤቱም «ድንገት ነው የሆነብኝ» ይላል። የአንድ ጀሪካን ኩላንት ዋጋ ቆጥቦ ቴስታታ ማስወረድና ማስላግ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ኩላንቱን የምትበጠብጡበት ውሃ ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ይሁን። መለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን የያዛችሁትን አይታችሁ ተቀበሉ፤ ከጎኑ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ዕቃ ይመጣል፣ ቀለምም የለውም። አሲድ ራዲያተር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያድነው የለም።

በቀለም መግዛት

«አቦ፣ ቀዩ ከቀዩ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው!» የሚለው የባለሱቅ ምክር ለሻጩ እንጂ ለሞተሩ አይመችም። ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የፈለገውን ይጨምራል። ልዩነቱ ያለው ዝገት መከላከያው ላይ ነው። የድሮው አረንጓዴ ብዙውን ጊዜ ሲሊኬት አለበት፤ ከ2 ዓመት ወይም ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ አይቆይም። የጃፓን መኪኖች የሚፈልጉት ሲሊኬት የሌለበትን፣ ፎስፌትና ኦርጋኒክ አሲድ ያለበትን ነው። የቶዮታ ሮዙ «ሱፐር ሎንግ ላይፍ» ከዚህ ወገን ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ይቀየራል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ማንም መሃል ላይ የቧንቧ ውሃ ካልጨመረበት ነው።

የማይስማሙ ሁለት ዓይነቶች ሲቀላቀሉ መከላከያዎቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሲብስ ደግሞ አጥሚት የመሰለ ነገር ሆነው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናሉ። ጀሪካኑ ጀርባ ላይ «ጂስ ኬ 2234» (JIS K 2234) ወይም «ኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ 3306» (ASTM D3306) የሚል የጥራት ደረጃ ቁጥር ፈልጉ፤ ከዚያ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር አስተያዩት። ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉንም አጥቦ ከዜሮ መጀመር ነው የሚሻለው።

ማቅለሚያ የተጨመረበት ውሃም በጀሪካን ታሽጎ ይሸጣል። ድሬ ታይዋን ገበያም ገዛችሁ ሌላ ቦታ፣ ሚዛን አይታጣም። ያልተበጠበጠ ኩላንት በሊትር ከ1.1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠው 1.07 ገደማ፤ ውሃ ግን ልክ 1 ኪሎ ነው። ባለ4 ሊትሩ ያልተበጠበጠ ጀሪካን ከባዶ ዕቃው ክብደት ውጭ 4.4 ኪሎ ካልሞላ የገዛችሁት ቀለም ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ግማሽ በግማሹን በጥቂቱ ቀድታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ፍሪዘር የሚወርደው እስከ ዜሮ በታች 18 ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ድብልቅ እዚያ አይረጋም። ጠዋት በረዶ ሆኖ ከጠበቃችሁ ለሻጩ መልሱለት።

ግማሹን አፍስሶ «ቀየርኩ» ማለት

ጥንቁቅ ሰዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የራዲያተሩን የታች ማፍሰሻ ስትፈቱ የሚወጣው ግማሽ ገደማው ብቻ ነው። የቀረው ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል)፣ ቴስታታውና የሂተሩ ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ብሎኩ ጎን ላይ ሌላ ማፍሰሻ አለ፤ ዝገት ስለሚይዘው ሰው አይነካውም። እሱ እንቢ ካለ በውሃ እየሞሉ፣ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) እስኪከፈት እያስነሱ፣ አቀዝቅዞ እያፈሰሱ ሦስት አራት ጊዜ ማጠብ ነው። ሂተሩ መጨረሻ ሙቀት ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ አንዳንዱ መኪና ላይ ያ ክፍል ሳይታጠብ ይቀራል። የመጨረሻው ዙር በዲስትልድ ይሁን።

አሁን ሒሳቡን እዩ። ሞተሩ 10 ሊትር ይይዛል እንበል (የናፍጣ ፒክአፖች አብዛኞቹ ከ8 እስከ 11 ውስጥ ናቸው፤ የራሳችሁን ከመጽሐፉ አንብቡ)። ከታጠበ በኋላ 4 ሊትር ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ተበጥብጦ የመጣውን ግማሽ በግማሽ 6 ሊትር ብትጨምሩ የገባው ንጹህ ኩላንት 3 ሊትር ብቻ ነው፤ ድብልቁ 30 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አጥባችሁ የምትሞሉ ከሆነ ያልተበጠበጠውን ግዙ። መጀመሪያ 5 ሊትሩን ጨምሩ፣ የቀረውን ቦታ በዲስትልድ ሙሉ። ልክ 50 በመቶ ይመጣል።

«ካልበጠበጥኩት ይበልጥ ያቀዘቅዛል» ብሎ ንጹሁን የሚሞላም አለ። ኩላንቱ ብቻውን ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከውሃ በጣም ያነሰ ነው፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ውሃው ነው። ከ60 በመቶ በላይ አትሂዱ። ለእኛ አየር ከ40 እስከ 50 በቂ ነው።

ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል

«አገሩ ሙቀት ነው፣ ምን ያደርጋል?» ይባልና ይነቀላል። ቆላ ውስጥ ይህን ምክር የማይሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ስህተትነቱን ለማስረዳት ደግሞ መሞከር አያስፈልግም፣ ቴርሞስታቱን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ማየት ይበቃል። የብዙዎቹ የናፍጣ ፒክአፕ ቴርሞስታት ሁለት በር አለው። ዋናው በር ሲከፈት ከታች ያለችው ትንሿ ሳህን በራዲያተሩ በኩል ሳያልፍ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ ትዘጋለች። ዕቃውን ስትነቅሉት አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል። የሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተነቀለው ዕቃ ዳገት ላይ የሚያፈላው ለዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ናፍጣ ይበላል።

ደህና መሆኑን የምትሞክሩት በድስት ነው። የድስቱን ታች ሳይነካ በክር አንጠልጥሉትና ውሃውን አሙቁ። 82 የተጻፈበት በ82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሐረር ላይ ውሃው በ94 ስለሚፈላ ከዚያ በላይ ሙቀት አታገኙም፤ ቢሆንም እስኪፈላ ድረስ በደንብ ተከፍቶ መታየት አለበት። ስትመልሱት የምትንቀጠቀጠዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእሷ ነው።

ክዳኑን መናቅ

የራዲያተሩ ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ። ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ግፊት ሲኖር ውሃ ቶሎ አይፈላም። ባለ1.1 ጤነኛ ክዳን ሐረር ላይ በ94 የሚፈላውን ውሃ እስከ 118 ገደማ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ የተዘጋ ከሆነ ወደ 94 ተመለሳችሁ ማለት ነው። የተጻፈውን ቁጥር ያህል ግዙ፤ ከዚያ የበለጠው አሮጌ ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ያፈነዳል። ሞተሩ ሲበርድ ማኒኮቶው ተጣብቆ፣ ተጨምቆ ካገኛችሁት ደግሞ የተበላሸው የክዳኑ የመመለሻ ቫልቭ ነው።

ከዚሁ ጋር፦ ከራዲያተሩ ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘው የፕላስቲክ ዕቃ «ፉል» ላይ ስላለ ብቻ ራዲያተሩ ሙሉ ነው አትበሉ። ክዳኑ ወይም ቀጭኗ ቱቦ ከተበላሸች ዕቃው ሞልቶ ራዲያተሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

አየሩን ሳያስወጡ መንገድ መውጣት

አዲስ ኩላንት ሞልተው ወዲያው ጭነት የሚጭኑ አሉ። ቴስታታው ላይ አየር ታፍኖ ከቀረ እዚያ ያለው ብረት ደረቅ ነው፤ የጌጁ ሴንሰር አየር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛውን አይነግራችሁም። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርጋችሁ አቁሙት፣ ሂተሩን መጨረሻ ክፈቱ፣ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ። የላይኛውን ማኒኮቶ በእጅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፤ አረፋ እየወጣ ደረጃው ይወርዳል፣ ጨምሩበት። የታችኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው። አረፋው ሲያቆም ዝጉ። ጌጁ ሞቆ ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ አየሩ አልወጣም።

ጋልቦ የመጣን መኪና ክዳን መክፈት

አትክፈቱ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል። ሙቀቱ ዳገት ላይ ከፍ ማለት ሲጀምር ኤሲውን አጥፉ፣ ሂተሩን ክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሱ።

ቀዳዳ ይዘጋል የሚባለውን ዱቄት በተመለከተ፦ ከቀዳዳው በፊት ሂተሩን ይዘጋል።

አሮጌውን የትም መድፋት

ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። መንገድ ላይ የፈሰሰውን ፍየልም ውሻም ይልሰዋል፤ ትንሹ እንኳን ኩላሊት ይገድላል። የተረፈውን በሃይላንድ ቀድቶ ቤት ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ቀዩ ኩላንት በሃይላንድ ሲቀመጥ ከቪምቶ መጠጥ በምን ይለያል? ለዚያውም ቪምቶ በሚወደድበት አገር፣ ለዚያውም ልጅ ባለበት ቤት። በራሱ ጀሪካን፣ በራሱ ክዳን፣ ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ። አሮጌውን ዘይት ከሚሰበስብ ጋራዥ ጋር ተነጋግራችሁ በተለየ ዕቃ አስረክቡ እንጂ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት።

ከቀየራችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ዳገት ባዶ መኪና ውጡ። በማግስቱ ጠዋት ሲበርድ ደረጃውን እዩ፣ ወርዶ ከሆነ በዚያው ድብልቅ ሙሉ። የውሃ ፓምፑ ስር ነጠብጣብ ወይም የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካለ ፓምፑ መሄዱ ነው። ከዚያ የኩላንቱን ዓይነት፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፉ፤ ቀጥሎ ኮፈኑን የሚከፍተው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።