ካፕቻው እያለ ቦቱ ሲያልፍ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

«ካፕቻ አስገብተናል፤ የቆሻሻ መልእክቱ ግን አልቆመም» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ ገጹን ሳልከፍት ምክንያቱን እገምታለሁ። ካፕቻ ቅጽ የሚልከው ሰው መሆኑን የሚፈትን ሳጥን ነው፤ ቦት ደግሞ በሰው ፈንታ ቅጽ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ደዋዩ ግን ፍርዱን ሰጥቶ ነው የሚደውለው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካፕቻውን ሰብሮታል፣ ስለዚህ የሚከፈልበት ጠንካራ ካፕቻ ይግባልን ይላል። ካፕቻ እንደሚሰበር እውነት ነው፤ ወደ ታች እደርስበታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቦቱ ይህን ያህል መድከም አያስፈልገውም፤ ካፕቻው መፈታቱን የሚያጣራ የለምና።

ይህ ለድረ ገጽ ሠሪዎችና ጠጋኞች የተጻፈ ነው። የካፕቻው ሁለት ቁልፎች (ገጹ ላይ የሚቀመጠውና የሚስጥሩ) በትክክለኛው የድረ ገጽ ስም መመዝገባቸውንና ቦታቸው አለመለዋወጡን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ሳጥኑ ይታያል፣ ሰው ይፈታዋል፣ ቦቱም እንደ ልቡ ይልካል

መጀመሪያ የሰርቨሩን መዝገብ ክፈቱ። ሰው ገጹን ይከፍታል፣ ሥዕሉና ስክሪፕቱ ይወርድለታል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ከዚያ ይልካል። የቦቱ መስመር ግን መላኪያው ብቻ ነው። ገጹን አልከፈተም፤ ካፕቻውን ጨርሶ አላየውም።

ምክንያቱን ለማወቅ አሠራሩን ማስታወስ ይበቃል። ከካፕቻ አገልግሎቶች የጉግሉ ሪካፕቻም ሆነ ኤችካፕቻ ወይም ተርንስታይል፣ ተጠቃሚው ፈተናውን ሲያልፍ ብሮውዘሩ ቶክን የሚባል ረጅም የፊደላት ሰንሰለት ይቀበላል። ቶክኑ ከቅጹ ጋር ወደ ሰርቨራችሁ ይመጣል። ያኔ ሰርቨራችሁ ቶክኑንና የሚስጥር ቁልፉን ይዞ የካፕቻውን ባለቤት «ይህን የሰጠኸው አንተ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ካልተጠየቀ ሳጥኑ የገጽ ጌጥ ነው።

ምርመራው አጭር ነው። የብሮውዘሩን የገንቢዎች መሣሪያ ክፈቱና ቅጹን በትክክል ላኩ። ከኔትወርክ ዝርዝሩ የተላከውን ጥያቄ በከርል (ከተርሚናል ጥያቄ መላኪያ ፕሮግራም) ትእዛዝ መልክ ቅዱት። ቶክኑን አጥፍታችሁ ከተርሚናል እንደገና ላኩት። «መልእክትዎ ደርሶናል» ካላችሁ በሽታው ተገኘ። ካላለፈ ደግሞ በቶክኑ ቦታ የራሳችሁን ስም ጽፋችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያውን ፈተና አልፈው እዚህ ላይ የሚወድቁ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ኮዱ የሚያየው ቦታው ባዶ አለመሆኑን ብቻ ነውና። በመጨረሻ አንድ ጊዜ የሠራ ቶክን ደግማችሁ ላኩ፤ ይህም ማለፍ የለበትም።

አንድ የልብስ መሸጫ ነበር፤ ደንበኛ ሲመዘገብ በስልኩ የማረጋገጫ ቁጥር ይላክለታል። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ጠዋት ሲደውሉልኝ ደስ ብሏቸው ነበር፤ «ልጄ፣ ሌሊቱን ይህን ሁሉ ሰው ማን አመጣልኝ?» አሉ። የወሩ የአጭር መልእክት ጥቅል ተሟጦ አልቋል፤ መልእክቶቹም የሄዱት ሱቁ ዕቃ ልኮ ወደማያውቅባቸው አገሮች ነው። ይህ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ አጭበርባሪዎቹ ውድ ወደሆኑ ቁጥሮች መልእክት አስልከው ከክፍያው ድርሻ ይወስዳሉ። ካፕቻው በገጹ ላይ በደንብ ተቀምጧል። ሥራው ግን የመላኪያውን ቁልፍ ማብራት ብቻ ነበር፤ ሳጥኑ እስኪነካ ቁልፉ ግራጫ ነው፣ ሲነካ ሰማያዊ ይሆናል። ሰርቨሩ ስለ ሳጥኑ መኖር እንኳ አልተነገረውም። ቦት ደግሞ የቁልፍ ቀለም አያይም።

ሌላው ከዚህ የባሰ ነው፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው ትክክል ይመስለዋልና። የአንድ ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ በሐሰተኛ ስሞች ተጥለቀለቀ። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ኮድ ጉግልን ይጠይቃል፣ ጉግልም ይመልሳል። ለሐሰተኛ ቶክን በጄሶን (በመስክ በመስክ በተከፈለ የመረጃ አጻጻፍ) የሚመጣው መልስ ውስጥ «ሳክሰስ» (ተሳክቷል) የሚለው መስክ «ፎልስ» (ሐሰት) ይላል። ኮዱ ግን መልሱን ሳይፈታ እንዳለ ጽሑፍ «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይፈትነዋል፤ ፒኤችፒም እንዲህ ያለውን ረጅም ጽሑፍ እውነት አድርጎ ይወስዳል። ፖስታው መድረሱን አይቶ ሳይከፍት «ተፈቅዷል» የሚል ማኅተም የሚመታ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ጉግል «አይሆንም» ባለ ቁጥር ገጹ «እንኳን ደህና መጡ» ይል ነበር። ከኮዱ በላይ ደግሞ «አትንኩት፣ ይሠራል» የሚል ማስታወሻ ተጽፏል።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። ማጣሪያው ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ መልእክት ከመላኩና ዳታቤዝ ውስጥ ከመጻፉ በፊት ይሁን። ጄሶኑን ፍቱት፤ «ሳክሰስ» በትክክል «ትሩ» (እውነት) ካልሆነ እዚያው አቁሙት። መልሱ ውስጥ ያለው የድረ ገጽ ስም የእናንተ መሆኑን አመሳክሩ። ሪካፕቻ ሦስት (ሥዕል ሳያስመርጥ ለጎብኚው ነጥብ የሚሰጠው ስሪት) ከሆነ የድርጊቱን ስምና ነጥቡንም እዩ።

የሪካፕቻ ቶክን ዕድሜው 2 ደቂቃ፣ የተርንስታይል 5 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱም የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን በትክክል ካስገባችሁ በኋላ «ጊዜው አልፏል ወይም ተደግሟል» የሚል ስሕተት ሊመጣ ይችላል። ተጠቃሚው ረጅም ቅጽ እየሞላ ቶክኑ አርጅቶበታል፣ አለበለዚያ አንድ ተሰኪ (ፕለጊን) እና የእናንተ ኮድ ያንኑ ቶክን ሁለት ጊዜ እየጠየቁ ነው። ለመጀመሪያው፣ በሪካፕቻ ሦስት ቶክኑን ገጹ ሲከፈት ሳይሆን ሊላክ ሲል ጠይቁ። ለሁለተኛው አንዱን ጠያቂ አጥፉ። ስሕተቱ ሰለቸኝ ብሎ ማጣሪያውን ማውጣት ግን ጥገና አይባልም።

ማስጠንቀቂያ፦ «የካፕቻው ባለቤት ካልመለሰ አሳልፍ» የሚል መስመር ካለ ፈልጋችሁ አውጡ። ወደ ውጭ የሚወጣ ጥያቄ በተዘጋበት ርካሽ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ላይ መልስ የሚባል ነገር አይመጣም፤ ያ መስመር ካለ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ያልፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚስጥር ቁልፉን ማንም ጎብኚ ሊያነበው በሚችለው ጃቫስክሪፕት ውስጥ አታስቀምጡ። ስሙ ሚስጥር የተባለው በከንቱ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉግል ለሙከራ ያወጣቸው፣ ሁሉን የሚያሳልፉ ቁልፎች አሉ። እነርሱ ሲገቡ ሳጥኑ ላይ «ለሙከራ ብቻ» የሚል መንፈስ ያለው ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉን በነጭ ሳጥን ሸፍኖ ገጹን ለደንበኛ ያስረከበ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ገንዘቡንም ተቀብሏል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ቦቱ አሁንም ከገባ በሌላ መንገድ እየመጣ ነው። የመግቢያው ቅጽ ካፕቻ አለው፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው የለውም። ድረ ገጹ ተጠብቋል፣ የሞባይል መተግበሪያው የሚጠቀምበት አድራሻ ክፍት ነው። ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ደግሞ ኤክስኤምኤል-አርፒሲ የሚባለው አሮጌ መግቢያ ክፍት ከሆነ የይለፍ ቃል መገመቻ ይሆናል፤ የማትጠቀሙበት ከሆነ ዝጉት።

ምልክት፦ ገጹ ሠሪው በራሱ የጻፈው ካፕቻ አለው፣ ማንም ያልፈዋል

«3 ሲደመር 4 ስንት ነው?» የሚለው መልሱን በተደበቀ መስክ ውስጥ ይዞ ይመጣል። የተጣመመ ፊደል የሚያሳየው ደግሞ ከተፈታ በኋላ መልሱን ከሰርቨሩ ማኅደር ስለማያጠፋ፣ አንድ ሰው አንዴ የፈታው መልስ ለሺህ መልእክት ያገለግላል። ጣሉት።

ምልክት፦ ትክክለኛው ሰው ማለፍ አቃተው

በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ የወል የአይፒ አድራሻ ይወጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ ካጠፋ ቅጣቱ ለሁሉም ነው። ቪፒኤን ሲጨመርበት ሥዕል ማስመረጡ ማለቂያ የለውም። ሥዕሎቹም የሰው ቤት ሥዕሎች ናቸው። በአሜሪካ መንገድ ዳር የሚተከለውን የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ምረጡ ሲባሉ ቦኖ ሲፈልጉ የቆዩ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ሰው አለመሆናቸው የተወሰነባቸው በዚህ ነው። የሪካፕቻን ቋንቋ በስክሪፕቱ አድራሻ ላይ ወደ አማርኛ ማዞር ይቻላል፤ ትእዛዙ ይቀየራል፣ ሥዕሉ ግን ያው ነው። ለእንዲህ ያሉ ደንበኞች ሥዕል የማያስመርጠውን ተርንስታይልን እመርጣለሁ።

ለዓይነ ስውራን የተሰጠው የድምፅ ፈተናም ብዙ አያጽናናም። በ2017 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሪካፕቻን የድምፅ ፈተና ለማንም ክፍት በሆኑ የንግግር መለያ አገልግሎቶች 85 በመቶ ያህል ፈትተውታል።

ምልክት፦ ሪካፕቻ ሦስት ደንበኛ እየመለሰ ነው

ነጥቡ ከ0.0 (ቦት የሚመስል) እስከ 1.0 (ሰው የሚመስል) ነው፤ የማሳለፊያው መነሻ 0.5። ቦት የበዛበት ሰው 0.9 ያደርገዋል፣ ከዚያ ሽያጭ ቀነሰ ብሎ ይደውላል። መጀመሪያ ማንንም ሳትመልሱ ነጥቦቹን መዝግቡ፤ የእናንተ ደንበኞች የት ላይ እንደሚያርፉ እዩ። ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጣውንም አታባርሩት፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጠይቁት።

ምልክት፦ ሁሉም ትክክል ነው፣ ቦቱ ግን እውነተኛ ቶክን ይዞ ይመጣል

አሁን ካፕቻው በእርግጥ ተሸንፏል። ይህም አዲስ ወሬ አይደለም። በ2014 ጉግል ራሱ የተጣመመውን ጽሑፍ ኮምፒውተር 99.8 በመቶ በትክክል እንደሚያነበው አስታውቋል። በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ሰዎች ከቦቶች ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚወስዱና በብዛት እንደሚሳሳቱ ታየ። በ2024 ደግሞ የዙሪኩ ኢቲኤች ተመራማሪዎች የሪካፕቻ ሁለትን ሥዕሎች 100 በመቶ እንደፈቱ ጻፉ። ማሽን እንኳ ባይኖር ሰው አለ፤ በ2010 በወጣ ጥናት አንድ ሺህ ካፕቻ በሰው እጅ ማስፈታት እስከ 1 ዶላር ወርዶ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ላይ ካፕቻ መለዋወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚገደበው ድርጊቱ ነው። የልብስ መሸጫው ላይ የመልእክት መላኪያው የሚቀበለው በ251 የሚጀምር ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ለአንድ ቁጥር በሰዓት ጥቂት መልእክት፣ ለጠቅላላው ደግሞ የቀን ጣሪያ ተቀመጠ፤ ጣሪያው ሲነካ መላኩ ቆሞ ለባለቤቷ ማሳወቂያ ይደርሳቸዋል። ለአስተያየት መቀበያ ቅጽ ደግሞ ሊንክ የያዘውን ሁሉ ሰው እስኪያየው አቆዩት።

የተደበቀ መስክ አስቀምጦ የሞላውን ሁሉ መጣልም ለሰነፍ ቦት ይሠራል። መስኩን ግን ከማያ አንባቢ ሶፍትዌርም ደብቁት፤ አለበለዚያ ዓይነ ስውሩ በቅንነት ይሞላዋል። ስሙንም «ስልክ» ወይም «አድራሻ» አትበሉት። ብሮውዘሩ ራሱ ይሞላዋል፣ ደንበኛው እንደ ቦት ይጣላል፣ የተጣሉትን መዝግባችሁ ካልያዛችሁም አታውቁትም።