ሜሪላንድ ተቀምጦ ዲትሮይት ቤት መግዛት፦ ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ኮንዶ በማትገዛበት ገንዘብ ዲትሮይት፣ ሚሺጋን ውስጥ ሙሉ ቤት ከነጓሮው ይገኛል። ስልኩ ላይ ፎቶውን ያየ ሰው ልቡ ቢነሳ አይፈረድበትም። የኔም ተነስቶ ነበር። ገዛሁም። ሂሳቡን ግን አበላሽቼ ነው የሠራሁት።

ትልቁ ስህተቴ የሻጩን ታክስ የራሴ አድርጌ መቁጠሬ ነው። በሚሺጋን ከ1994 ወዲህ ባለው ሕግ፣ ታክስ የሚሰላበት የቤት ግምት ባለቤቱ እስካልተቀየረ ድረስ በዓመት ከዋጋ ንረቱ ወይም ከ5 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ አይጨምርም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ 20 ዓመት የኖሩ አዛውንት የሚከፍሉት ትንሽ ነው። ቤቱ ሲሸጥ በሚቀጥለው ዓመት ገደቡ ይነሳል፤ ግምቱም ወደ ገበያው ዋጋ ግማሽ ይዘላል። በዚያ ላይ ለሚኖርበት ባለቤት የሚታለፈው የትምህርት ቤት ታክስ፣ እስከ 18 ሚል ድረስ፣ አከራይ ላይ ይመጣል። አንድ ሚል ማለት ከግምቱ በየ1,000 ዶላሩ 1 ዶላር ነው። ቤቱ 120,000 ዶላር ካወጣ ግምቱ 60,000 ነው፤ 18 ሚሉ ብቻ 1,080 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። እኔ የቤቱ ማስታወቂያ ላይ ያለውን የሻጩን የዓመት ታክስ ለ12 አካፍዬ "ትርፍማ አለው" ብዬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ሲመጣ ትርፉ እዚያው ፖስታው ውስጥ ቀረ።

ሁለተኛው የእቁብ ጣጣ ነው። ራሳችሁ ለማትኖሩበት ቤት አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ይፈልጋሉ፤ ወለዱም ከመኖሪያ ቤት ይበልጣል። የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንትም ያያሉ። እቁብ የወጣለት ሰው ክሎዚንግ (ግዢው የሚጠናቀቅበት ፊርማ) ሲደርስ ገንዘቡን አካውንት ውስጥ ዱብ ሲያደርገው "ከየት መጣ?" ይባላል። ወረቀት የሌለውን እቁብ ለብድር ሠራተኛ ማስረዳት እንዴት እንደሚያለፋ የሞከረ ያውቀዋል። "ወንድሜ ሰጠኝ" ማለትም አያዋጣም፤ ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜይ ደንብ ለኢንቨስትመንት ቤት የስጦታ ገንዘብ አይፈቀድም። ገንዘቡ ከወራት በፊት ባንክ ይግባ። በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት የኤፍ ኤች ኤ ብድር (መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የመኖሪያ ቤት ብድር) ለማግኘት በውሸት "እኖርበታለሁ" ብሎ መፈረም ግን የፌደራል ወንጀል ነው፤ የሚመክራችሁ ሰው ካለ ሽሹት።

ቤቱ አሮጌ ከሆነ ተራ ኢንስፔክሽን አይበቃም። ኢንስፔክተሩ ጣሪያና ማሞቂያ ያያል፤ ከመሬት በታች ያለውን የፍሳሽ ቱቦ አያይም። የድሮ የሸክላ ቱቦ ውስጥ የዛፍ ሥር ይገባበታል። ካሜራ አስገብቶ የሚያይ ሰው ለብቻው ቅጠሩ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ የእርሳስ ቀለም ጉዳይ አለ። ከተማው ደግሞ ለኪራይ ቤት ምዝገባና የብቃት ሰርተፊኬት ይጠይቃል፤ ሻጩ ይህ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ።

"የአክስቴ ልጅ እዚያ ስላለ ያይልኛል" የሚሉም አሉ። የአክስት ልጅ የራሱ ሥራ አለው። በሌሊት ውሃ ፈሰሰ ተብሎ ሲደወልለት አንዴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ስልክ አያነሳም። ፕሮፐርቲ ማኔጀር ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል፤ አዲስ ተከራይ ሲያስገባ ለብቻው ያስከፍላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ እኔን ሳታማክር እስከ ስንት ዶላር ታስጠግናለህ? ቤቱ ባዶ ሲሆንስ በየስንት ቀኑ ታየዋለህ?

ሁለተኛውን ጥያቄ አንዲት ጓደኛዬ አልጠየቀችም። ተከራይዋ በክረምት ወጣ፤ ጋዙም በስሙ ስለነበር አዘግቶት ሄደ፤ ማሞቂያውም አብሮ ጠፋ። ኢንሹራንሷ ደግሞ ቤት ሲገዛ የወጣ የመኖሪያ ቤት ፖሊሲ እንጂ የአከራይ አልነበረም፤ እንዲህ ያሉት ቤቱ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከቆየ ብዙ ጉዳት አይሸፍኑም። ከሳምንታት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎን ውስጥ፣ ከመብራቱ ላይ፣ በረዶ ተንጠልጥሏል።